ሙቅ ውሃ የለም? «የስ!» ፦ እንግሊዝኛን አፌን ያስለመድኩበት መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ እንግዳ ከክፍሉ ወርዶ «ዩ ዶንት ሃቭ ሆት ዋተር ቱደይ?» አለኝ። ቦይለሩ ከማለዳ ጀምሮ ተበላሽቷል። እኔም ፈገግ ብዬ «የስ» አልኩት። አመስግኖኝ ወደ ላይ ወጣ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ፎጣ አገልድሞ፣ ፀጉሩ ላይ ሻምፖው እንደ ጠላ አረፋ ተኮፍሶ ደረጃው ላይ ብቅ አለ።

«ዩ ሴድ የስ!»

አዎ፣ ብያለሁ። በአማርኛ ብትመዝኑት ደግሞ ልክ ነበርኩ። «ሙቅ ውሃ የለም?» ላለ ሰው መልሱ «አዎ፣ የለም» ነው። በእንግሊዝኛ ግን የጠያቂው አነጋገር አይታይም፤ የሚታየው ነገሩ ነው። ካለ «የስ»፣ ከሌለ «ኖ»። ሰውዬው ውሃ አለ ያልኩት መስሎት በረዶ ውስጥ ገባ።

የሚገርመው፣ 12ኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ ጥሩ ውጤት ካመጣሁባቸው ትምህርቶች አንዱ ነበር። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬዋለሁ። 9ኛ ክፍል ስንገባ ሁሉም ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ ተገለበጠና በፕላዝማ ተማርን። የፕላዝማ ልጆች የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ፦ አስተማሪው ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ይጠይቃል፣ እኛ ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ማንን ቬሪ ጉድ እንዳለ እስካሁን አላውቅም። ፓሲቭ ቮይስ አውቃለሁ። ከኤ እስከ ዲ ካሉት ውስጥ መልሱን መርጦ ማጥቆር አውቃለሁ። ሰው ፊቴ ቆሞ ውሃ አለ ወይ ሲለኝ መመለስ ግን አላውቅም።

አሁን አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እንዴት ቻልሽው?» ሁሌ በቁንጽል ስለምመልስ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ አማርኛችሁን ጠርጥሩ

አብዛኛው ስህተታችን ከእንግሊዝኛ ድክመት አይመጣም። ከአማርኛ ጥንካሬ ነው የሚመጣው። አማርኛው አእምሯችን ውስጥ መንገዱን ጠርጎ ጨርሷል፤ እንግሊዝኛው ሲመጣ በዚያው መንገድ ይነዳል። ስለዚህ አንድ ሺህ አዲስ ቃል ከመሸምደድ በፊት፣ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋጩበትን መስቀለኛ መንገድ ማወቅ ይሻላል። ብዙ አይደሉም። እኔን ዋጋ ያስከፈሉኝን ልንገራችሁ።

አንደኛው ያው የሙቅ ውሃው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ብቻ አትመልሱ። ነገሩን ድገሙት። «ሶሪ፣ ዘር ኢዝ ኖ ሆት ዋተር።» አለቀ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ሥራ በሌለበት ሰዓት ሃያ የአሉታ ጥያቄ እደረድርለታለሁ። ቁርስ አልበላህም? ዛሬ አውሮፕላን የለም? ቁልፉን አልመለሱም? በአማርኛ እየጠየቅኩ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። መጀመሪያ ቀን ሃያውንም ይስታል። በሳምንቱ ሁለት ሦስት ብቻ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን አፋችን አያውቅም። አንድ ባልና ሚስት ወደ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት ጀልባ ያዙ። «ዘ ቦት ሊቭስ አት ቱ ኦክሎክ» አልኳቸው። ጠዋት 2 ሰዓት ማለቴ ነው። ጀልባ ነጂው 2 ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። 3 ሆነ። 4 ሆነ። ደወለልኝና የማይጻፍ ነገር ተናገረኝ። እንግዶቹ ቁርሳቸውን ቀስ ብለው በልተው፣ በረንዳ ላይ መጽሐፍ ሲያነቡ ቆይተው፣ ከምሳ በኋላ ባርኔጣቸውን አድርገው ወረዱ። በእነሱ ቱ ኦክሎክ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በቃል ብቻ ተናግሬ አላውቅም። ስድስት እደምራለሁ ወይም እቀንሳለሁ፣ «ኤት ኢን ዘ ሞርኒንግ» እላለሁ፣ ከዚያም ወረቀት ላይ እጽፍላቸዋለሁ። ለልምምድ ደግሞ የስልኬን ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር አደረግኩት። ሁለት ወር አሠቃየኝ፤ ከዚያ አፌ ለመደ።

ሦስተኛው አክብሮት ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ውስጥ ይሸጉጠዋል። «ፓስፖርትዎን ይስጡኝ» ስንል ያቺ «ዎ» እና ያ «ይስጡ» ሥራውን ጨርሰውታል። ትእዛዝ ቢሆንም የተከበረ ትእዛዝ ነው። ይሄንኑ ቃል በቃል ገልብጣችሁ «ጊቭ ሚ ዩር ፓስፖርት» ስትሉ ግን አክብሮቱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ትእዛዙ ብቻ ይደርሳል። እንግሊዝኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ አይለይም፤ ሁሉም «ዩ» ነው። ታዲያ ባለጌዎች ናቸው ማለት አይደለም። አክብሮቱን ሌላ ቦታ ነው የሚያስቀምጡት፦ ትእዛዙን ጥያቄ ያደርጉታል። «ሜይ አይ ሃቭ ዩር ፓስፖርት፣ ፕሊስ?» «ውድ ዩ ላይክ ቱ ሲት ዳውን?» «ኩድ ዩ ሳይን ሂር?» በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲት እንግዳ አስተያየት መስጫው ላይ የሪሴፕሽኗ ልጅ ቁጡ ናት ብላ ጽፋብኛለች። እኔ እኮ ወገቤ እስኪቆረጥ እጅ እየነሳሁ ነበር የማስተናግዳት! «ሜይ አይ»፣ «ውድ ዩ ላይክ» እና «ኩድ ዩ» የሚሉትን ሦስቱን ያዙ። ግማሹ የሆቴል እንግሊዝኛ እነሱ ናቸው።

ሌሎቹን በሩጫ ልንገራችሁ። ቲቪ «ኦፕን» አይደረግም፣ «ተርን ኦን» ነው። ሰው «ማሪድ ዊዝ» አይሆንም፣ «ማሪድ ቱ» ነው። ጉንፋን አይዛችሁም፤ በእንግሊዝኛ እናንተ ናችሁ የምትይዙት፣ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ»። «እሺ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ የምንስባት ነገር ደግሞ ስልክ ላይ አትሠራም። አንድ እንግዳ ከክፍሉ ደውሎ ሲያወራኝ ሦስቴ «እህ!» ብዬ ስስብ፣ የታመምኩ መስሎት ሮጦ ወርዷል።

ዓረፍተ ነገሩን ከጭራው ያዙት

ብዙ ሰው «በጭንቅላቴ አለ፣ አፌ ላይ አይመጣም» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በኋላ የገባኝ፣ ቃላቱ አልጠፉኝም፤ ሰልፉ ነው የጠፋኝ።

አማርኛ መግለጫውን ያስቀድማል፣ ሰውየውን ያስከትላል፣ ድርጊቱን መጨረሻ ላይ ይዘጋል። «ትናንት ማታ ከጎንደር የመጡት ሁለት እንግዶች ቁልፍ ጠፋባቸው።» በእንግሊዝኛ «የስተርደይ ናይት ፍሮም ጎንደር...» ብላችሁ ከጀመራችሁ ገደል ገብታችኋል። እንግሊዝኛው ከሰው ይጀምራል፦ «ዘ ቱ ጌስትስ ሁ ኬም ፍሮም ጎንደር ላስት ናይት ሎስት ዜር ኪ።»

የምለማመደው ባጃጅ ውስጥ ነበር። ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ሩብ ሰዓት ይሆናል። መንገድ ላይ ያየሁትን ሰው እመርጥና ለራሴ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ማን? ምን አደረገ? ምኑን? የቀረው ዕቃ ከኋላ ይጫናል። የፋሲካ ሰሞን በግ የተሸከመ ሰውዬ አየሁ እንበል። ማን? ዘ ማን። የትኛው? ሁ ኢዝ ካሪዪንግ ኤ ሺፕ። ምን እያደረገ ነው? ኢዝ ክሮሲንግ ዘ ሮድ። መጀመሪያ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመግጠም አንድ መንደር እናልፍ ነበር። ከወር በኋላ ሰውዬው ሳይሻገር እጨርስ ጀመር።

እዚህ ላይ ግን «ሺፕ» የምትለዋ ቃል አደጋ አላት። ሳብ ካላደረጋችኋት ሰውዬው የተሸከመው በግ ሳይሆን መርከብ ነው።

ከሀ ሁ እስከ ቁም ንባብ

በግ እና መርከብ፣ መኖር እና መሄድ በፊደላችን ስትጽፏቸው አንድ ናቸው፦ ሺፕ ሺፕ፣ ሊቭ ሊቭ። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ፍጹም ሌላ ናቸው። እኔ እዚህ በፊደላችን የምጽፈው ለማንበብ እንዲመቻችሁ ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ግን አጠራርን በአማርኛ ፊደል አትጻፉ። ክፉ ልማድ ነው። «ዌን አር ዩ ሊቪንግ?» ብዬ መቼ እንደሚሄድ የጠየቅኩት ሰው ግራ ገብቶት አይቶኝ ያውቃል። ረጅሟን ስትሉ ፈገግ በሉ፣ ከንፈር ወደ ጎን ይሳብ። አጭሯን ስትሉ መንጋጋችሁን ልቀቁት። መስታወት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት፤ ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው ከንፈር ላይ ነው።

ሌላዋ ችግር «እ» ናት። እስኩል፣ እስፔሻል፣ እስትሪት። አማርኛ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ተደርቦ ሲመጣበት ስለማይወድ ከፊት «እ» ይለጥፍበታል። እኔ የለቀቀችኝ የባጃጅ ጎማ ሲተነፍስ ሰምቼ ነው። እንደዚያ ጀምሩ፦ ስስስስ... ኩል። ስስስስ... ትሪት። ጎማው ሳይተነፍስ ቃሉ አይጀመርም። ከጊዜ በኋላ ትንፋሹን ታሳጥሩታላችሁ።

ምላስ በጥርስ መሀል ወጥታ የምትነገረዋን ድምፅም ተለማመዱ። የኛ ሆቴል ክፍል 303 አለው። ቀኑን ሙሉ «ትሪ ኦ ትሪ» ስንል፣ ዛፍ ኦ ዛፍ እያልን ነው። 13 እና 30 ደግሞ ለፈረንጆቹ ራሳቸውም ያስቸግራሉ። 13 ሲሉ ክብደቱ መጨረሻው ላይ ይወድቃል፣ 30 ሲሉ መጀመሪያው ላይ። ዋጋ ላይ ከሆነ አትወራረዱ፣ «ዋን ስሪ» ወይም «ስሪ ዚሮ» ብላችሁ አሃዝ በአሃዝ ተናገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ ልጆች ያስተምር ነበር። የቄስ ትምህርት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ መቁጠር፣ ከዚያ ግዕዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ሁሉም በጩኸት። ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ አፉ ቀድሞ ያውቀዋል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ ይሄንን «ሽምደዳ» ብለን ናቅነው። እኔ ግን እንግሊዝኛን አፌ ውስጥ ያስገባሁት በአያቴ መንገድ ነው።

እንዲህ ነው የማደርገው። የቢቢሲን «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» አንድ ክፍል ስልኬ ላይ አወርዳለሁ። አንድ ብቻ፣ ለአንድ ሳምንት። ብዙ ሰው በየቀኑ አዲስ ነገር ይሰማል፤ በዚህ ጆሮ ይገባል በዚያ ይወጣል። ሰኞ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። ማክሰኞ ጽሑፉን አጠገቤ አድርጌ ያላወቅኩትን ቃል እፈልጋለሁ። ረቡዕ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቆምና ቀስ ብዬ እንደ ግዕዝ ንባብ አንድ በአንድ እለዋለሁ። ሐሙስና አርብ ከተናጋሪው ጋር እኩል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እሱ ሲወጣ እየወጣሁ፣ ሲወርድ እየወረድኩ። ቅዳሜ ስልኬ ላይ ድምፄን ቀድቼ ከእሱ ጋር አስተያየዋለሁ። የመጀመሪያውን ቅጂዬን ስሰማ አፈርኩ፤ አንድ ቃል ሌላውን ሳይነካ በእኩል እርምጃ የሚሄድ ወታደር ይመስላል። እነሱ እንደዚያ አይናገሩም። አንዱን ቃል ይጫኑታል፣ ሌላውን ይውጡታል። «ዋት ዱ ዩ ዋንት ቱ ኢት» የሚለው ጆሯችሁ ላይ ሲደርስ «ዋድያ ዋና ኢት» ነው። ከእነሱ ጋር ካላዜማችሁት አትሰሙትም።

ፍጥነቱ ለሚከብዳችሁ፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1959 እ.ኤ.አ. «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ብሎ የጀመረው ዓይነት ዝግ ያለ አነባበብ ጥሩ መነሻ ነው። ያ ዝግጅት ወደ 1500 በሚጠጉ ቃላት ብቻ፣ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ነበር። አባቴ በራዲዮ ይከታተለው ነበር። 1500 ቃል ዓለምን የሚያዳርስ ዜና ለማንበብ ከበቃ፣ ለሆቴል ሪሴፕሽን ይተርፋል።

ፊልም? እዩ፤ ግን የግርጌ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ይሁን። የአማርኛ ትርጉም ከሥር ካለ ዓይናችሁ ያነባል፣ ጆሯችሁ ይተኛል።

ደብተሩ

ቃል አልጽፍም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የምጽፈው፣ በቀን ሦስት፣ ከሰው አፍ የሰማሁትን። «ኪ» ማለት ቁልፍ እንደሆነ ማወቅ አይጠቅመኝም። «አይ ሎክድ ማይሰልፍ አውት» ግን ይጠቅመኛል፤ እንግዳው ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩ ተዘግቶበታል ማለት ነው። በሰዋስው መጽሐፍ ብፈልገው አላገኘውም ነበር። በቀኝ በኩል ያለበትን ሁኔታ በአማርኛ እጽፋለሁ፦ ማን አለ፣ መቼ አለ፣ ፊቱ እንዴት ነበር። በሚቀጥለው ቀን አንዷን የግድ ለሆነ ሰው እናገራታለሁ። ሳትነገር ያደረች ዓረፍተ ነገር እንደ አደረ እንጀራ ናት፤ ትበላለች፣ ግን ትደርቃለች።

እናንተ ሆቴል ላይሆን ይችላል የምትሠሩት። ነርስ ከሆናችሁ የሕመምተኛን፣ ሹፌር ከሆናችሁ የተሳፋሪን፣ ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ የስብሰባን ዓረፍተ ነገር ሰብስቡ። በቴሌግራም «በ30 ቀን እንግሊዝኛ» እያሉ የሚለጥፉት የቃላት ዝርዝር የማንም ሕይወት አይደለም። የስልክ ትርጉምንም መጀመሪያ ራሳችሁ ከሞከራችሁ በኋላ ክፈቱት። ቀድማችሁ ከከፈታችሁት የሚማረው ስልኩ ነው።

የሐበሻ ሳቅ

እውነቱን እንነጋገር። ፈረንጅ ስትሳሳቱ አይስቅባችሁም፤ እንግዳ ቋንቋ ስለተናገራችሁለት ደስ ነው የሚለው። የሚስቀው የራሳችን ሰው ነው። ካልተሳሳታችሁ ደግሞ «ጉረኛ» ትባላላችሁ። እኔም «ፈረንጅ ሆነች» ተብዬ ስንት ቀን አፌን ዘግቻለሁ።

የረዳኝ የወጥ ቤቱ ሼፍ ነው። እሱም መናገር ፈልጎ የሚያፍር ነበር። ተስማማን፦ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ሻይ እስክንጠጣ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ። የሳቀ የሻዩን ይከፍላል። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ ብዙ ከፈልኩ። ርእስ አንፈልግም ነበር፤ ማታ ምን በላሽ፣ ልጁ ትኩሳቱ ለቀቀው ወይ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማማረር የቻለ ሰው ስለ ብዙ ነገር ማውራት ይችላል። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነን አንድ ቀን ሻዩን ጨርሰን ቁርስ እስክናቀርብ ድረስ በእንግሊዝኛ ቀጠልን፤ ማንም አላስተዋለም፣ እኛም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ያዙ፦ «ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» ያልገባንን ነገር አንገት እየነቀነቅን «የስ፣ የስ» ብለን የምናሳልፍ ብዙ ነን። ነውር ይመስለናል። እኔም እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር አያልቅም። ባለፈው ወር አንድ የእንግሊዝ ሽማግሌ ማታ ቁልፉን ሲቀበል «አይም ሃቪንግ ኤ ላይን ቱሞሮ» አለኝ። ነገ አንበሳ ሊኖረኝ ነው። የድሮዋ እኔ ብሆን «የስ፣ ቬሪ ጉድ» ብዬ አሰናብተው ነበር። ጠየቅኩት። ሳቀና «ላይ» እና «ኢን» ብሎ ለየልኝ፤ ጠዋት አርፍዶ መተኛት ማለት ነው። ደብተሬ ላይ ጻፍኳት፣ አጠገቧ ትንሽ አንበሳ ሣልኩ። ሼፉ ቁርሱን እስከ 4 ሰዓት አቆየለት፤ ሽማግሌውም በእሱ ሰዓት «10» ብዬ የጻፍኩለትን ወረቀት ይዞ ሊተኛ ወጣ።